የኮከብ ነፋስ ይዤ ወደ መሰላ

ይህን የምጽፈው ከጉዞው ተመልሼ፣ የመሰላ ጭቃ ከጫማዬ ላይ ደርቆ ከተራገፈ በኋላ ነው። የምጽፈውም በአገሬ በቢቸና ላላችሁ፣ ሐረርጌን በስም እንጂ በዓይን ለማታውቁት ነው። «እዚያ በረሃ ውስጥ ምን ትሠራለች?» እያላችሁ ለእናቴ እንደምታዝኑላት ሰምቻለሁ። በረሃውን አልፈውት ይሄዳሉ እንጂ አይኖሩበትም። እኔ ያለሁባት አሰበ ተፈሪ ተራራ ሥር የተቀመጠች፣ ሌሊት ብርድ ልብስ የምታስደርብ ከተማ ናት። የፊዚክስ አስተማሪ ሆኜ ከተመደብኩባት ወዲህ ብዙ ክረምት አልፏል፤ የዘንድሮው ግን እንደ ሌሎቹ አላለፈም።

ነገሩ የሚነሣው ከጀማል ነው። ጀማል በትምህርት ቤታችን ከፍ ያሉትን ክፍሎች ፊዚክስ የሚያስተምር የመሰላ ልጅ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሳለ ስለ ኮከቦች የሰማው አንድ ነገር አልለቀቀውም። በመምህራን ማረፊያ ሻይ ስንጠጣ ሌላው ስለ ደመወዝና ስለ ዝውውር ሲያወራ፣ እሱ ብርጭቆውን ጠረጴዛው መሐል ያስቀምጥና ይጀምራል። ብርጭቆው ከፀሐያችን ብዙ እጥፍ የሚከብድ ትልቅ ኮከብ ነው። የገዛ ብርሃኑ ከገላው ላይ ጋዝ እየገፋ ወደ ውጭ ይበትናል፤ ያ ነፋሱ ነው። ከአሰበ ተፈሪ ቢነሣ በሰከንድ ውስጥ ቢቸና ደርሶ ያልፋል። ከዚያ የስኳር ቅንጣት ያነሣና በብርጭቆው ዙሪያ ያዞራታል። ቅንጣቷ ኒውትሮን ኮከብ ናት፤ ፈንድቶ ያለቀ የሌላ ኮከብ ቅሪት፣ ስፋቷ አንድ ከተማ የምታህል፣ ክብደቷ ግን ከፀሐይ የሚበልጥ። ከትልቁ ነፋስ ጥቂቱን ትይዛለች፤ የያዘችው ገላዋ ላይ ሲወድቅ እጅግ ይግልና በኤክስሬይ ያበራል።

«እንዴት ትይዘዋለች?» ይላል ሁልጊዜ።

«በስበቷ ነዋ» አልኩት አንድ ቀን።

«እመቤት፣ ስበቷ መንገዱን ያጎብጠዋል እንጂ አያስቀረውም። በመጣበት ፍጥነት አልፏት ይሄዳል። ያለፈን ነገር ምን ይመልሰዋል? ሒሳቡን ሥሪው።»

ሠራሁት። እውነቱን ነበር።

ግንቦት ላይ ሆዱ ያብጥ ጀመር። ሐኪሞቹ ጉበት ነው አሉ፤ ከዚያ በላይ የሚሉት አልነበራቸውም። አባቱ ቤት ሊተኛ ወደ መሰላ ሲሄድ እኔ ለክረምት ኮርስ ወደ አዲስ አበባ ልነሣ ነበር። «ከቤተ መጻሕፍቱ መልሱን ይዘሽልኝ ነይ» አለኝ። «እግዚአብሔር ቢፈቅድ» አልኩ። «ኢንሻአላህም በዪበት፣ ሁለቱም ጋ ይመዝገብ» ብሎ ሳቀ። ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ነበር።

መልሱን ነሐሴ ላይ አገኘሁት። መጽሐፉ ከቤት የሚወጣ ስላልነበረ በቃሌ እስክይዘው ደጋግሜ አነበብኩት። ጫት ወደ አዲስ አበባ የሚያመላልሰውን ሸምሱ የሚባለውን የሂርና ሹፌር ፈልጌም «ለጀማል የፈለገውን አግኝቻለሁ፣ ይዤለት እየመጣሁ ነው በልልኝ» አልኩት። በዚህ አገር ወሬ የሚሄደው በጫት መኪና ነው፤ ከፖስታም ከስልክም ይፈጥናል። በሳምንቱ ሸምሱ ተመልሶ መጣና «ቲቸር፣ ቶሎ ነይ ብለውሻል። ከብዶታል» አለኝ።

የመጀመሪያው ቀን

ጳጉሜ ገብቶ ነበር። ገና ሳይነጋ ውዳሴ ማርያሜን ደግሜ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። እኛ አገር ዓባይን ስንሻገር መውረዱም መውጣቱም በአንድ ቀን ያልቃል፤ ከታች ያለው ሙቀት ቅጣት ቢሆንም አጭር ቅጣት ነው። የሐረርጌ መንገድ ግን ከናዝሬት ጀምሮ ቀኑን ሙሉ ቁልቁል ያወርዳል። መተሐራ ስንደርስ አጠገቤ የተቀመጡት አሮጊት የያዙት ቅቤ ቀልጦ በቅሉ አፍ ይፈስ ጀመር፤ ቀሚሴም ከዚያ ተካፈለ።

አዋሽ ኬላ ሁላችንም ወርደን ተፈተሽን። አንድ ወታደር የይለፍ ወረቀቴን ገልብጦ ካየ በኋላ ቦርሳዬን ከፈተ። ከዳቦ ቆሎ፣ ከዳዊትና ከልብስ በቀር ምንም አላገኘም።

«ከአዲስ አበባ ይህን ብቻ ይዘሽ ነው የምትመለሺው?» አለኝ።

«ይህን ብቻ ነው» አልኩት። ልቤ ግን ፈራ። መልሱን ዳዊት እንደሚደገም በልቤ እየደገምኩት ነበርና ከፊቴ ላይ የሚያነበው መሰለኝ።

ከኬላው አለፍ ብለን ጎማ ፈነዳ። ሾፌሩና ረዳቱ እየተሰዳደቡ እስኪቀይሩት በግራር ጥላ ተቀመጥን። ከሚኤሶ በኋላ ዳገቱ ሲጀምር ቀዝቃዛ አየር በመስኮት ገባ፤ አሰበ ተፈሪ ስደርስ መብራት ጠፍቶ ነበር። አከራዬ በኩራዝ ብርሃን የተቀቀለ ድንችና ሚጥሚጣ አቀረቡልኝ። «መምህር ጀማል እንዴት ነው?» ስላቸው ድንቹን መላጥ ቀጠሉ።

ሁለተኛው ቀን

ሸምሱ መኪናውን ደጃፌ አቁሞ ጥሩንባ ነፋ። ጋቢናው ውስጥ የጫት ግንድ፣ የመስጊድ ሥዕልና በክር የተንጠለጠለ ሽቶ አለ። ገና መንገድ ሳንጀምር ጠየቀኝ።

«መድኃኒቱን የት አደረግሽው? እንዳይሰበር ከመቀመጫው ሥር አድርጊው።»

«የምን መድኃኒት?»

«የጀማል ነዋ።»

«ሸምሱ፣ እኔ መቼ መድኃኒት አልኩህ?»

መሪውን ይዞ ዞሮ አየኝ። «የፈለገውን አግኝቻለሁ አላልሽም? የታመመ ሰው ሌላ ምን ይፈልጋል፣ አቦ! እኔም መድኃኒት ብዬ ነገርኳቸው። አባቱ አለቀሱ። በግ ሊያርዱ ነው።»

የምሄድበትን ነገር ነገርኩት። የትልቁን ኮከብ፣ የትንሿን ኮከብ፣ የነፋሱን ነገር። ሸምሱ ማርሽ ቀይሮ ዳገቱን ጨረሰ። ኋላ ላይ «ወላሂ፣ ቲቸር፣ ጠጥተሽ ቢሆን ይሻለኝ ነበር» አለ።

ልቀየመው አልቻልኩም። ከአዲስ አበባ ወደ በሽተኛ የሚላክ ነገር በዚህ መንገድ ላይ መድኃኒት ብቻ ነው። ፋርማሲ በሌለበት ቀበሌ ሁሉ ስንቱን ጠርሙስ በባዶ የጫት ጆንያ መሐል ደብቆ አድርሷል። ከመኪናው ወሬው ቀድሞ ሄዷል፤ አሁን በእጁም በእጄም ተመልሶ የሚያዝ አይደለም።

አርበረከቴን አልፈን ሂርና ገባን። ሂርና ከመንገዱ ግራና ቀኝ የተደረደረች ከተማ ናት፤ ለብቻዋ የምትኖር ሳትሆን በሚያልፈው መንገደኛ የምትኖር። በፍጥነት የሚያልፈውን መኪና ሰዎቿ በዓይን ብቻ ይሸኙታል። ሸምሱ ማርሽ ቀንሶ ሲዘገይ ግን የቲማቲም፣ የኦቾሎኒና የሸንኮራ ሻጮች ከየሱቁ ሥር ወጥተው መስኮቱን ወረሩት።

«አየሽ?» አለ ሸምሱ፣ «ቀስ ካልኩ አይለቁኝም።»

«ኮከቧም እንደዚያው ናት» አልኩት ሳላስበው። «ነፋሱ ፍጥነቱን በግማሽ ቢቀንስ፣ እጇ የሚደርስበት ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል።»

«እሷም ኦቾሎኒ ትሸጣለች በይኛ!» ብሎ ሳቀ፤ ከዚያ የምንሄድበትን አስታወሰ መሰለኝ ሳቁን ቆረጠ።

ያረፍኩት በጨርቃ ጨርቅ ነጋዴዋ በእትዬ ብርነሽ ቤት ነው። የጉራጌ ሰው ናቸው፤ ለመስቀል አገራቸው የሚገቡበት ወቅት ደርሶ ሳለ መደብሩን የሚጠብቅላቸው በማጣታቸው ሐዘን ላይ ነበሩ። የኔንም ሐዘን ሲሰሙ በራሳቸው ላይ ጨመሩት። ሽሮ አቅርበው እያጎረሱኝ መከሩኝ።

«ስሚ ልጄ፣ ባዶ እጅሽን አትሂጂ። እዚህ ጤና ጣቢያ ግሉኮስ አይጠፋም። ቫይታሚንም ቢሆን። አባቱ በተስፋ ነው ያሉት።»

«እትዬ፣ እሱ እኮ አይፈውሰውም።»

«ባይፈውሰውስ? ያንቺ ኮከብ ይፈውሰዋል?»

ሌሊቱን ግሉኮሱን በልቤ እየገዛሁና እየተውኩ አደርኩ። ጠዋት ስኳርና ሳሙና ብቻ ገዛሁ፤ ለጠያቂ የሚገባው ያ ነው። ያልሆነውን መድኃኒት ነው ብዬ በአባት እጅ ማስቀመጥ ግን አልሆነልኝም።

ሦስተኛው ቀን

ከሂርና ወደ መሰላ የሚወስደው የጭቃ መንገድ ነው። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። የጭቃ ነገር ለእኔ አዲስ አይደለም፤ የእኛ ጥቁር አፈር ጫማ ያወልቃል። የዚህ አገሩ ግን ቀይ ነው፤ አይይዝም፤ ያንሸራትታል። አንድ ኩርባ ላይ መኪናው በጎኑ ተንሸራቶ ከቦዩ ውስጥ ገባ። የማሽላ ማሳ ውስጥ የነበሩ ሰዎች ዶማቸውን ጥለው መጡ፤ ማንም «ስንት ትከፍላለህ?» ሳይል ድንጋይ ይደረድሩ፣ ቅርንጫፍ ያነጥፉ ጀመር።

አንዲት ሴት ከጎጆዋ ጠርታ እንደገና ከጀመረው ዝናብ አስጠለለችኝ። አማርኛ አታውቅም፤ እኔም ኦሮምኛዬ የገበያ ነው። በቡና ገለባ የፈላ ወተት፣ ሆጃ የሚሉትን፣ በጣሳ ሰጠችኝ። ዕለቱ ረቡዕ ነበርና ጾሜን ነኝ ለማለት ማዕተቤን ጎትቼ አሳየኋት። ወዲያው ገባት፤ ጣሳውን ተቀብላ ያለ ወተት ሌላ ቀዳችልኝ፣ ጨውም ጨመረችበት። ከመጠጥ ሁሉ የዚያን ቀኑን ያህል ያሞቀኝ የለም።

መኪናው ወጥቶ ጥቂት እንደሄድን ከፊታችን ብዙ ወንዶች በቡድን በቡድን ሆነው ሲመጡ አየን። ነጠላቸውን አገልድመዋል፣ እግራቸው በአፈር ተለውሷል። ሸምሱ አቁሞ በኦሮምኛ ጠየቃቸው። መልሱን ሳይተረጉምልኝ ግንባሩን መሪው ላይ አደረገ።

«ኢና ሊላሂ» አለ። «አሁን ቀብረውት መመለሳቸው ነው።»

ከሰዎቹ አንዱ በመስኮቱ አጎንብሶ አየኝ። በአማርኛ «መድኃኒት የምታመጣዋ አንቺ ነሽ?» አለ። እየተቆጣኝ አልነበረም። ማወቅ ብቻ ነው የፈለገው።

ለቅሶ ቤቱ ስደርስ አገሬ የለመድኩትን አደረግሁ፤ ከበሩ ገና ነጠላዬን አደግድጌ፣ «ወንድሜ! ወንድሜ!» ብዬ ጮህኩ። እኛ ጋ ያልጮኸ አላዘነም ይባላል። እዚህ ግን ቤቱ ሁሉ ደነገጠ። የጀማል እኅት ፋጡማ ተነሥታ በሁለት እጇ ፊቴን ያዘችው።

«አዴ፣ እኅቴ፣ አይጮህም» አለችኝ ቀስ ብላ። «ዱዓ ነው የሚደረግለት። እዚህ ከጎኔ ተቀመጪ።»

በሴቶቹ መሐል ተቀመጥኩ። ድምፅ ሳይወጣ ማልቀስ የዚያን ቀን ተማርኩ፤ ከሚጮኸው ይከብዳል። ፋጡማ የጾም ምግብ ለብቻ አስቀርባልኝ «ድስቱ አዲስ ነው፣ ሥጋ ነክቶት አያውቅም» አለችኝ። ይህን ያሰበችው ወንድሟ በተቀበረበት ቀን ነው። በግቢው ጥግ አንድ በግ ታስሮ ነበር። ማንም ወደዚያ አላየም፤ እኔም ዓይኔን መለስኩ።

አራተኛው ቀን

አባትየው አባባ ዩያ ከሰዓት በኋላ አስጠሩኝ። ከወንዶቹ ተነጥለው ከቤቱ ጀርባ በቁርበት ላይ ተቀምጠዋል። ረጅም፣ እጃቸው የተሰነጣጠቀ የጫት ገበሬ ናቸው። አማርኛቸው የገበያ አማርኛ ነው፤ ሲቸግራቸው ፋጡማ ትረዳቸዋለች።

«አንቺ ለልጄ ነገር አመጣሽ አሉ። የት አለ?»

«አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ። መድኃኒት አይደለም። ወሬው በስሕተት ነው የደረሰዎት። ጀማል ስለ ኮከብ አንድ ነገር ጠይቆኝ ነበር፤ ያመጣሁት የዚያን መልስ ነው።»

ፋጡማ ስትተረጉምላቸው ፊታቸው ላይ አንዳች ነገር ሲጠፋ አየሁ። ከሞተም በኋላ ቢሆን መድኃኒቱን አይተው «ቢደርስ ኖሮ ይድን ነበር» ማለት ፈልገው እንደነበር ያኔ ገባኝ። ያንንም ነጠቅኋቸው።

የቁርበቱን ጠርዝ አስተካከሉ። ከዚያ «እሱ ጠየቀሽ?» አሉ።

«አዎ።»

«አንቺ አመጣለሁ አልሽ?»

«አዎ፣ ብያለሁ።»

«እንግዲያ አማና ነው።» አማና ማለት አደራ ነው። «ዕቃም ይሁን፣ ነገርም ይሁን፣ አማና ነው። እሱ የለም፤ እኔ አባት ነኝ። አስረክቢ።»

«አባባ፣ ነገሩ ከባድ ነው...»

«ሬሳ ተሸክሜያለሁ ትናንት» አሉ። «ከዚያ ይከብዳል?»

ፋጡማ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። እኔ በማላውቀው ሥልጣን ፊት የቀረብኩ ያህል ተንበረከክሁ።

«እጅዎን ይጨብጡልኝ» አልኳቸው። ጨበጡ። «ይህ ትንሹ ኮከብ ነው። የሞተ ኮከብ ቅሪት ነው። ከፀሐይ ይከብዳል።»

ጡጫቸውን አዩት። «ሞቶ ይከብዳል?»

«ሞቶ ነው የከበደው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ነፋሱን በሁለት መዳፎቼ አመጣሁላቸው፣ ከጡጫቸው ግራና ቀኝ። «እነዚህ ከትልቁ ኮከብ የሚመጡ ናቸው። እጅግ ይሮጣሉ። ሲያልፉ ስበቱ ወደ ውስጥ ያጎብጣቸዋል፤ ግን አይዛቸውም፤ ያልፉታል። ጀማል እስከዚህ ያውቅ ነበር። የጠየቀኝ፣ ካለፉ በኋላ እንዴት ይያዛሉ ብሎ ነው።»

«ደኅና ጠየቀ» አሉ አባቱ።

«ካለፉት በኋላ፣ ከኋላው፣ የግራውና የቀኙ ይገናኛሉ።» መዳፎቼን ከጡጫቸው ጀርባ አጋጨሁ። «ሲጋጩ ወደ ጎን የነበራቸው ሩጫ ይጠፋል። ሩጫው ሲጠፋ ማምለጥ ያቅታቸዋል። ተመልሰው ከኋላ ይወድቁበታል።»

«ከፊት አይደለም?»

«ከኋላ ነው።»

«ሁሉም ይመለሳል?»

«የለም፣ አባባ። በጣም ጥቂቱ ነው የሚመለሰው። ራቅ ብሎ ያለፈው አልፏል።»

«ጥቂቱ ይበቃዋል?»

«ይበቃዋል። በዚያች ጥቂት ነው የሚያበራው። ግን ብርሃኑ በዓይን አይታይም፤ ኤክስሬይ ነው።»

«ሆስፒታል ያነሡት?» አለች ፋጡማ።

«እሱ ራሱ።»

አባባ ዩያ ጡጫቸውን አልፈቱም። «ጀማል ይህን፣ የኋላውን፣ አወቀ?»

ደርሶበት ነበር ብላቸው ምን ይጎዳ ነበር? ከፋጡማ በቀር የሚሰማን አልነበረም። ግን አደራ ስለሆነ፣ ውሸት ጨምሬበት ማስረከብ አልቻልኩም።

«አላወቀም» አልኩ። «እስከ ግማሹ ነው የደረሰው።»

«እንግዲያ የኋላውን ድገሚልኝ።»

ደገምኩት። በኦሮምኛ ለራሳቸው አሉት። ፋጡማ አንድ ቦታ አረመቻቸው፤ ተቆጡና እንደገና ጀመሩ። ፀሐይ ከጫቱ ማሳ ጀርባ እስክትገባ ድረስ እጄንና እጃቸውን እያጋጨን እዚያው ነበርን። ለቅሶ የመጡ ሽማግሌዎች በግድግዳው ጥግ ብቅ እያሉ ያዩንና ይመለሱ ነበር። ምን እንዳሉ አላውቅም።

አምስተኛው ቀን

ሸምሱ ጫቱን ሳይነጋ ጭኖ በጥድፊያ መጣልኝ። ቅጠሉ እንዳይጠወልግ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኗል፤ በሰዓቱ ሂርና ካልደረሰ ነጋዴው አይቀበለውም። ፋጡማ ሳመችኝና የማሽላ እንጀራ ጠቅልላ ሰጠችኝ። አባባ ዩያን ፈለግኳቸው። «ከሱብሂ ሶላት በኋላ ወጡ፣ አልተመለሱም» አለችኝ።

መቃብሩ ከመንገዱ በላይ፣ ቁልቋል በበቀለበት ጥግ ላይ ነው። መኪናው ኩርባውን ሲዞር አየናቸው። በአዲሱ አፈር ራስጌ ቆመዋል። ቀኝ እጃቸው ተጨብጧል፤ በግራቸው ከአንድ ወገን እያመጡ ያሳልፋሉ፣ ከሌላው ወገን እያመጡ ያሳልፋሉ። ከጡጫቸው ጀርባ ሲደርሱ ቆም አሉ። የተሳሳቱ መሰላቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው ከመጀመሪያው ጀመሩ።

ሸምሱ አየ። ወደ እኔም አየ። መኪናውን ወደ ዳር ወስዶ ሞተሩን አጠፋው።